እናት ሞታ ልጅ የቀረችበት ቤት፦ ኤምኤፍአይ ለምን ወደቀ፣ ሃውደንስስ ለምን ጸና?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «እንግሊዝ አገር ኩሽና ገጣጣሚ ነኝ። ካቢኔቱን ሁሉ የማነሣው ከሃውደንስ ነው። አንድ ሽማግሌ ደንበኛዬ 'ሃውደንስ እኮ የኤምኤፍአይ ልጅ ነው' አሉኝ። ኤምኤፍአይ ያን ያህል ትልቅ ከነበረ እናትየዋ ሞታ ልጂቱ እንዴት ቀረች? ደግሞስ ደንበኞቼ ለአንድ ትልቅ መደብር ቀብድ ከፍለው መደብሩ ቢዘጋባቸው ምን ማድረግ ይችላሉ?»

ደንበኛዎ ልክ ናቸው። ለባለሙያዎች ኩሽና የሚሸጠው ሃውደንስ የተወለደው በ1995 የእንግሊዝ የቤት ዕቃና የኩሽና ቸርቻሪ በነበረው በኤምኤፍአይ ግሩፕ ጉያ ውስጥ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይያዙልኝ)። መጀመሪያ ይሸጠው የነበረው ካቢኔትም ከኤምኤፍአይ ፋብሪካዎች የሚወጣ ነበር። ስሙን እንኳ ያገኘው ከፋብሪካ ነው፤ ሃውደን በምሥራቅ ዮርክሻየር ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ ፋብሪካውም ዛሬ ድረስ እዚያው አለ። ስለዚህ የኤምኤፍአይን ውድቀት «ዕቃው መናኛ ስለነበረ ነው» ብሎ ማለፍ አያስኬድም። ከአንድ ማሽን የወጣ ካቢኔት በአንዱ በር ሲሸጥ ኪሳራ፣ በሌላው በር ሲሸጥ ትርፍ ያመጣ ነበር። መመርመር ያለበት በሩ ነው፤ ለማን ይሸጣል፣ ከምን ዓይነት ቤት ውስጥ ይሸጣል፣ ገንዘቡስ መቼ ይከፈላል?

ኤምኤፍአይን በ1964 ያቋቋሙት ዶናልድ ሰርልና ኖኤል ሊስተር ናቸው። ሦስቱ ፊደላት «ሙላርድ ፈርኒቸር ኢንዱስትሪስ» ማለት ሲሆኑ ሙላርድ የሰርል ባለቤት የቤተሰቧ ስም ነበር። ሲጀምሩ መደብር አልነበራቸውም፤ ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ እያወጡ የቤት ዕቃ በትእዛዝ የሚልኩ ነጋዴዎች ነበሩ። ለመላክ እንዲመች ዕቃው ተፈታቶ በጠፍጣፋ ካርቶን ይታሸጋል፣ ገዢው ቤቱ ወስዶ በካቻቪቴ ራሱ ይገጥመዋል።

የመላኩ ሥራ ግን አላዋጣም። ችፑድ ክብደቱ ቀላል አይደለም፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው 2.44 በ1.22 ሜትር የሆነ አንድ ሙሉ ሰሌዳ 36 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ካርቶኑ አንዴ በጥጉ በኩል ከወደቀ ጥጉ ይፈረከሳል፣ የተፈረከሰ ችፑድ ደግሞ እንደ ጣውላ ተልጎ አይድንም። ተሰብሮ የደረሰው፣ አንድ ጎኑ የጎደለው፣ ተመላሽ የሆነው እየበዛ ትርፉን በላው። በ1970ዎቹ አጋማሽ ድርጅቱ የመላኩን ነገር እርግፍ አድርጎ ተወና ከከተማ ዳር መጋዘን እየተከራየ ደንበኛው ራሱ መጥቶ ዕቃውን በመኪናው እንዲጭን አደረገ።

ኤምኤፍአይን ኤምኤፍአይ ያደረገችው ይቺ ለውጥ ናት። ሦስት ወጪዎችን በአንድ ጊዜ ከነጋዴው ትከሻ ላይ አንሥታ ለደንበኛው ሰጠች፤ ማጓጓዣውን፣ የመገጣጠሙን ጉልበትና ቦታውን። ተገጥሞ የቆመ ቁምሳጥን ውስጡ አየር ነው፤ ጠፍጣፋ ካርቶን ሲሆን ግን እዚያው ወለል ላይ ብዙ እጥፍ ይደረደራል። መጋዘኑ ከከተማ ውጭ በመሆኑ ኪራዩ ርካሽ ነበር፣ የመኪና ማቆሚያውም ነፃ። የእንግሊዝ ቤተሰብ በብዛት የመኪና ባለቤት የሆነበት ዘመን ስለነበረ ከከተማ ዳር መሆኑ ደንበኛ አላሳጣውም። ርካሽ መጋዘን፣ ርካሽ ዕቃ፣ ወዲያው ተጭኖ የሚሄድ። ይህን ልብ ይበሉልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

እድገቱ ፈጣን ነበር። በ1985 የሱፐርማርኬቱ ድርጅት አስዳ ከኤምኤፍአይ ጋር ተዋሐደ። ምግብና ቁምሳጥን አልተስማሙምና በ1987 በዴሪክ ሀንት የሚመራው አመራር ኩባንያውን ከአስዳ ላይ ገዝቶ ወጣ። ዋጋው ከ700 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ነበር፣ ኩሽና ሠሪውን ሃይጂናንም በዚያው ጠቀለለ። አብዛኛው ገንዘብ ብድር ነበር። ጊዜው ደግሞ ክፉ ሆነ፤ በኦክቶበር 1989 የእንግሊዝ መነሻ ወለድ 15 በመቶ ደረሰ፣ የቤት ሽያጭ ቆመ። ሰው አዲስ ኩሽና የሚያስገባው በአብዛኛው ቤት ሲገዛ ወይም ሊሸጥ ሲያስብ ነው፤ የቤት ገበያ ሲታመም መጀመሪያ የሚያስነጥሰው ኩሽና ሻጭ ነው። ኤምኤፍአይ ያን ጊዜ አልሞተም፣ በ1992 ወደ አክሲዮን ገበያ ተመለሰ። ነገር ግን ድርጅቱ በቤት ገበያ ላይ ምን ያህል የተንጠለጠለ እንደሆነ በግልጽ የታየው ያኔ ነው።

አሁን ወደ ኪራዩ። እኔ የዚህ ሁሉ ነገር ሥር ኪራዩ ነው ባይ ነኝ። የመጀመሪያዎቹ መጋዘኖች ማንም የማይፈልጋቸው ቆርቆሮ ቤቶች ነበሩ። ንግዱ ሲሞቅ የጡረታ ፈንዶችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች እነዚያን ቦታዎች ገዝተው፣ አስፋልት አንጥፈው፣ «ሪቴይል ፓርክ»፣ ማለትም ከከተማ ዳር ያለ የመደብሮች መንደር፣ አደረጓቸው። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ መንግሥት ከከተማ ውጭ አዲስ መደብር መፍቀዱን አጠበበ፣ በመሆኑም ቀድሞ የተፈቀደው ቦታ ወርቅ ሆነ፣ ኪራዩም አብሮ ሰማይ ወጣ። ተከራዩ ሲገባ የመጋዘን ኪራይ ነበር የሚከፍለው፤ ሳይንቀሳቀስ እዚያው ቆሞ የገበያ ማዕከል ኪራይ ከፋይ ሆነ።

የዚያን ዘመን የእንግሊዝ የንግድ ቤት ውል ምን እንደሚመስል ካላወቁ ነገሩ አይገባዎትም። ውሉ ብዙ ጊዜ 25 ዓመት ነው። ኪራዩ በየ5 ዓመቱ ይከለሳል፣ ክለሳው ግን ወደ ላይ ብቻ ነው፤ ገበያው ቢወርድ ኪራዩ ባለበት ይቆያል እንጂ አይወርድም። ጥገናውና ኢንሹራንሱ የተከራዩ ነው። ክፍያው በየሦስት ወሩ በቅድሚያ ነው፤ ቀኖቹም ከጥንት ጀምሮ የታወቁ ናቸው፣ ማርች 25፣ ጁን 24፣ ሴፕቴምበር 29 እና ዲሴምበር 25። የችርቻሮ ድርጅቶች በእነዚህ ቀኖች ዙሪያ የሚወድቁት በአጋጣሚ አይደለም። ጥሬ ገንዘብ ያጠረው ድርጅት የመቶ መደብሮችን የሦስት ወር ኪራይ በአንድ ጠዋት ማውጣት ሲያቅተው ያኔ ይገለጣል።

ለማስላት ያህል የምሳሌ ቁጥር ልውሰድ። 20,000 ካሬ ጫማ የሆነ የሪቴይል ፓርክ መደብር በካሬ ጫማ 20 ፓውንድ ቢከፍል ኪራዩ በዓመት 400,000 ፓውንድ ነው። ከእያንዳንዱ ፓውንድ ሽያጭ የዕቃው ዋጋ ተቀንሶ ግማሹ ቢተርፍ፣ ለኪራይ ብቻ 800,000 ፓውንድ መሸጥ አለበት። አንድ ኩሽና በአማካይ 4,000 ፓውንድ ቢሆን 200 ኩሽና ነው፤ በሳምንት አራት ገደማ፣ ደመወዝ፣ መብራት፣ ማስታወቂያ ሳይከፈል። በዚህ ላይ የማዘጋጃ ቤቱ የንግድ ቤት ግብር የሚተመነው በኪራይ ግምቱ ነውና ኪራይ ሲወጣ እሱም ይከተላል። አሁን 10,000 ካሬ ጫማ የሆነ፣ በኢንዱስትሪ መንደር ጀርባ ያለ መጋዘን በካሬ ጫማ 6 ፓውንድ ያስቡ፤ 60,000 ፓውንድ ነው። በዚያው ስሌት 30 ኩሽና በዓመት ይበቃዋል። እናትና ልጅን የለያቸው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

ሁለተኛው ነገር የሚሸጠው ዕቃ ጠባይ መለወጡ ነው። ቁምሳጥን በካርቶን ተጭኖ ሲሄድ ሽያጩ እዚያው አለቀ። ኩሽና ግን እንዲህ አይደለም፣ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ልክ ይወሰዳል፣ ንድፍ ይሠራል፣ ቀብድ ይከፈላል፣ ከሳምንታት በኋላ ቤት ድረስ ይመጣል። መካከለኛ የሆነ አንድ ትእዛዝ ይቁጠሩ፤ የወለልና የግድግዳ ካቢኔቶች፣ በሮች፣ የመሳቢያ ፊቶች፣ ማጠፊያዎች፣ እጀታዎች፣ የጎን ሰሌዳዎች፣ የእግር መሸፈኛ፣ የላይ ክፈፍ፣ የጥግ ማሟያ፣ የጠረጴዛ ጣውላ፣ ሲንክ፣ ቧንቧ፣ ምድጃ፣ የጭስ መሳቢያ። በቀላሉ 40 ዓይነት መስመር ይሆናል።

እያንዳንዱ መስመር በዕለቱ መጋዘን ውስጥ የመገኘት ዕድሉ 98 በመቶ ነው እንበል። ለአንድ ዕቃ ግሩም ነው። አርባው በሙሉ አንድ ላይ የመገኘት ዕድል ግን 0.98 በራሱ 40 ጊዜ ሲባዛ ነው፤ 45 በመቶ እንኳ አይሞላም። ከሁለት ቤት አንዱ ጎዶሎ ኩሽና ይደርሰዋል ማለት ነው። 99 በመቶ ቢሆን 67 በመቶ፣ 99.5 ቢሆን 82 በመቶ። ቁም ሣጥን ሻጭ በ98 በመቶ ይኮራል፤ ኩሽና ሻጭ በዚያው ቁጥር ይቀበራል።

የጎደለውም ሁሉ እኩል አይደለም። እጀታ ቢጎድል ሥራው ይቀጥላል። የጥጉ የወለል ካቢኔት ከጎደለ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል፤ ጣውላው የሚያርፈው እሱ ላይ ነው፣ ጣውላው ካልተቆረጠ ሲንኩ አይገባም፣ ሲንኩ ካልገባ ቧንቧ ሠሪው አይገጥምም፣ ሸክላ ለጣፊው ቀኑን ያጣል። ቤተሰቡ ሁለት ሳምንት ያለ ውሃ ያበስላል። ሻጩ ለአንዲት የ40 ፓውንድ ሳጥን ሁለተኛ መኪና ይልካል፣ ገጣጣሚው የባከነበትን ቀን ያስከፍላል፣ ደንበኛው ካሳ ይጠይቃል፣ ቀሪውን ሒሳብ ይይዛል። በወረቀት ላይ ትርፍ የነበረው ትእዛዝ በዚህ መንገድ ኪሳራ ይሆናል። በፖስታው ዘመን ድርጅቱን ያንገላታው በሽታ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ጎዶሎ ዕቃ ቤት ድረስ መላክ።

በ2004 ኤምኤፍአይ ይህንኑ መስመር ለማስተካከል ብሎ የጀርመኑን ኤስኤፒ ሶፍትዌር በአቅርቦት ሥራው ላይ ተከለ። ሐሳቡ ስሕተት አልነበረም፣ አተካከሉ ግን ጉዳት አመጣ። ትእዛዝ ሳይሟላ መውጣት በዛ፣ ጎዶሎውን ለማሟላትና ደንበኛን ለመካስ የወጣው ወጪ በአሥር ሚሊዮኖች ፓውንድ ተቆጠረ። እንዲህ ያለ ሥርዓት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ሶፍትዌሩ ክፉ ሆኖ ሳይሆን የዕቃው መዝገብ ንጹሕ ሳይሆን ስለሚገባ ነው። ኮምፒውተሩ «አለ» ይላል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው። ቀድሞ ዓይኑን ጥሎ «ይሄ ቀኙ ነው፣ ግራውን አምጣ» የሚል መጋዘን ሠራተኛ ነበር፤ አዲሱ ሥርዓት የሚሰማው ባርኮዱን ብቻ ነው።

ሦስተኛው ነገር የማያቋርጠው «ታላቅ ቅናሽ» ነው። በእንግሊዝ የዚያ ዘመን መመሪያ መሠረት አንድ ዕቃ «ከዚህ ዋጋ ቀንሷል» ለመባል ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ በፊተኛው ዋጋ ቢያንስ ለ28 ተከታታይ ቀናት ለሽያጭ መቅረብ ነበረበት። የቤት ዕቃ ነጋዴዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና ዓመቱን ሙሉ ቅናሽ እያስተዋወቁ ይኖሩ ነበር፤ ኤምኤፍአይም በዚህ የታወቀ ነበር። ጉዳቱ ደንበኛው መማሩ ነው። ቅናሽ በሌለበት ሳምንት የሚገዛ ጠፋ፤ መደብሩ ከየካቲት እስከ ኅዳር ተከፍቶ፣ ኪራይ እየከፈለ፣ ገንዘብ የሚያየው በጥቂት የቅናሽ ሳምንታት ብቻ ሆነ። በዚያ ላይ የስዊድኑ የቤት ዕቃ መደብር ኢኬያ በ1987 በዋሪንግተን የመጀመሪያውን የእንግሊዝ መደብር ከፈተ፣ የቤት ማደሻ ዕቃ መደብሩ ቢ ኤንድ ኪውም በየሪቴይል ፓርኩ ኩሽና ይሸጥ ጀመር። ርካሽ የሚባለውን ስም ኢኬያ ወሰደው።

አራተኛው ጉዳይ ከውጭ አይታይም፣ ገዳዩ ግን እሱ ነው። ቀብድ ተቀብሎ ከሳምንታት በኋላ ዕቃ የሚያስረክብ ድርጅት የሚንቀሳቀሰው በደንበኛ ገንዘብ ነው። ሽያጭ ሲያድግ ሁልጊዜ ከሚያስረክበው በላይ ቀብድ ይገባልና ካዝናው ይሞላል፤ ሥራ አስኪያጁም ገንዘቡ የራሱ ይመስለዋል። ሽያጭ ሲወርድ ግን ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ትርፉ ይቀንሳል፣ ቀደም ሲል የተቀበለውን ቀብድ ዕቃ አድርጎ ሲያስረክብም አዲስ የሚገባው ቀብድ ወጪውን አይሸፍንለትም። ባለ ትርፍ የነበረ መደብር በአንድ ክፉ ሩብ ዓመት ጥሬ ገንዘብ ሊያልቅበት ይችላል።

በ2005 የሃውደንስ መሥራች ማቲው ኢንግል የግሩፑ ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሆኑ። ሁለቱን ንግዶች ጎን ለጎን ያየ ሰው ውሳኔው አያስቸግረውም። የፈረንሳዩ የሃይጂና መደብሮች ንግድ ለስዊድኑ ኩሽና ሠሪ ለኖቢያ ተሸጠ፣ የእንግሊዙ የኤምኤፍአይ ችርቻሮ ደግሞ በ2006 ሜርቸንት ኢኩዊቲ ፓርትነርስ ለተባለ የግል ኢንቨስትመንት ድርጅት በ1 ፓውንድ ተላለፈ። አንድ ፓውንድ! ሻጩ ከዚያ በላይ ገንዘብ ጨምሮ ነው የሰጠው፣ ምክንያቱም ከመደብሮቹ ጋር የሚሄደው ኪራይና ያልደረሰ ትእዛዝ ዋጋቸውን ከዜሮ በታች አውርዶት ነበር። የቀረው ግሩፕ ስሙን ጋሊፎርም አለ፤ በ2010 ደግሞ ሃውደን ጆይነሪ ግሩፕ ሆነ።

ብዙ ሰው በ1 ፓውንድ ከተሸጠ በኋላ ሁሉ ነገር ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። በእንግሊዝ ሕግ ከ1996 በፊት የተፈረመ የኪራይ ውል ላይ የመጀመሪያው ተከራይ ቤቱን ለሌላ ቢያስተላልፍም እስከ ውሉ ማብቂያ ተጠያቂ ሆኖ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ባሉትም ላይ አከራዮች ዋስ ሁን ይሉታል። ጋሊፎርም ለብዙ የኤምኤፍአይ መደብሮች ዋስ ነበር። ኤምኤፍአይ ሲሞት አከራዮቹ ወደ እሱ ዞሩ፣ እሱም ለዓመታት የባዶ መደብር ኪራይ ሲከፍልና አንዳንዱን አከራይ ገንዘብ ሰጥቶ ውሉን ሲያፈርስ ኖረ። ልጂቱ የእናቷን ዕዳ ተሸክማ ነው ያደገችው።

ሞቱ የመጣው በ2008 ነው። የባንኮች ቀውስ የቤት ብድር ማጽደቁን ካለፈው ዓመት ከግማሽ በታች አወረደው። ዕቃ በዱቤ ለሚያቀርቡ ነጋዴዎች ዋስትና የሚሰጡ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ከብዙ የችርቻሮ መደብሮች ላይ ሽፋናቸውን አነሡ፤ ሽፋን ሲነሣ አቅራቢው «ጥሬ ገንዘብ ካልሆነ አልጭንም» ይላል። በዚያ መጸው የኤምኤፍአይ አመራር ንግዱን ራሱ ተረከበ፣ ከአከራዮች ጋርም የኪራይ እፎይታ ለማግኘት ተደራደረ። አልበቃም። ኖቬምበር 26 ቀን 2008 ድርጅቱ የከሰረን ኩባንያ እንዲይዙ በሕግ በሚሾሙ አስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፣ የዲሴምበሩ ኪራይ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው። በዚያው ቀን ታዋቂው የችርቻሮ መደብር ዉልዎርዝስም ወደቀ፤ በጋዜጦቹ ገጽ ላይ የኤምኤፍአይ ዜና ከዚያ ጎን ነበር የወጣው። ለንግዱ ገዢ አልተገኘም፣ የገና በዓል ሳይደርስም ከ100 በላይ መደብሮች ተዘጉ፣ ከ1,000 በላይ ሠራተኞች ተበተኑ። ሃይጂና የሚለውን ስም አርጎስ የተባሉ መደብሮች ባለቤት የሆነው ድርጅት ገዛው፤ ኤምኤፍአይ የሚለው ስምም ኋላ በኢንተርኔት ለመሸጥ ተሞክሮበታል።

እንግዲህ ሃውደንስ ምን አደረገ? በ1995 በ14 ዴፖ (መጋዘንም መሸጫም በሆነ ቤት) ሲጀምር ለቤት ባለቤት አንሸጥም አለ፤ የሚሸጠው እንደ እርስዎ ላለው ባለሙያ ብቻ ነው። ይህ ምርጫ ብዙ ነገር በአንዴ ፈታለት። ባለሙያ ያማረ ማሳያ አዳራሽ (ሾው ሩም) አይፈልግም፣ ቫኑን የሚያቆምበት ቦታ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዴፖው ርካሽ ኪራይ ባለበት የኢንዱስትሪ መንደር ውስጥ ሊሆን ቻለ። ልኩን የሚወስደውና የሚገጥመው ባለሙያው ነውና በመደብሩና በተናደደ ደንበኛ መካከል አንድ የሚያውቅ ሰው ቆመ። ካቢኔቱ ተገጥሞ ቀጥ ብሎ የቆመ ሆኖ ይመጣል፤ ቦታ ይበላል፣ ነገር ግን ርካሽ ወለል ላይ ቦታ አያስጨንቅም፣ ለገጣጣሚውም ግማሽ ቀን ይቆጥብለታል። የተለመዱት ሳጥኖች ዴፖው ውስጥ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ የጥጉ ካቢኔት ጎዶሎ ከሆነ ባለሙያው በቫኑ ሄዶ በዚያው ጠዋት ያመጣዋል። ከላይ ያየነው የ45 በመቶው ስሌት አከርካሪውን የተሰበረው እዚህ ላይ ነው።

ገንዘቡም ተገለበጠ። ኤምኤፍአይ ከደንበኛ ቀብድ ይቀበል ነበር፤ ሃውደንስ ለባለሙያው የሳምንታት ዱቤ ይሰጣል፣ ሥራውን ጨርሶ ከባለቤቱ ገንዘብ እስኪቀበል። ለሻጩ አደጋ ይመስላል። ነገር ግን ዱቤው ለአንድ ሰፈር ባለሙያ የሚሰጠው የዴፖው ሥራ አስኪያጅ በሚያውቀው ልክ ነው፣ የሥራ አስኪያጁ ጉርሻም ከዴፖው ትርፍ ይወጣል፤ ስለዚህ ለማን እንደሚያበድር ያስባል። ዋጋውም በግድግዳ ላይ አይለጠፍም፣ ለእያንዳንዱ ባለሙያ በግል ይነገራል፤ «ታላቅ ቅናሽ» ብሎ መጮህ አላስፈለገውም። ከሁሉ በላይ ሃውደንስ ኤምኤፍአይ ያደገበትን ያን የድሮ ቆርቆሮ መጋዘን መልሶ አገኘ። እናትየዋ በ1970ዎቹ ያወቀችውን በ1990ዎቹ ስትረሳ ልጂቱ አስታወሰችው። ዛሬ በብሪታንያ ከ800 በላይ ዴፖ አለው። የዓመቱ ትልቁ ገበያው በመጸው፣ «ፒሪየድ 11» በሚሉት የአራት ሳምንት ጊዜ ነው፤ ሰው ከገና በፊት ኩሽናው እንዲያልቅ ይፈልጋልና። እርስዎም በዚያ ወቅት የምታነሡት ሳጥን ካለ ቀደም ብለው ይዘዙ።

ወደ ቀብዱ ልምጣ። መደብር ሲወድቅ ገንዘቡ በተራ ይከፈላል፤ በተለየ ንብረት ላይ መያዣ ይዞ ያበደረ ባንክ ይቀድማል፣ የአስተዳዳሪዎቹ ክፍያና የሠራተኛ ውዝፍ ደመወዝ ይከተላሉ፣ ቀብድ የከፈለ ደንበኛ መያዣ ከሌላቸው ዕዳ ጠያቂዎች ጋር መጨረሻ ላይ ይቆማል። ከፓውንዱ ጥቂት ፔንስ ቢደርሰው ነው።

ስለዚህ የሚያድነው የከፈለበት መንገድ ነው። በክሬዲት ካርድ ከሆነ በ1974ቱ የሸማቾች ብድር ሕግ አንቀጽ 75 መሠረት የዕቃው ዋጋ ከ100 ፓውንድ በላይ ሆኖ ከ30,000 ካልበለጠ ካርዱን የሰጠው ባንክ ከሻጩ እኩል ተጠያቂ ነው። ቀብዱ ብቻ፣ 100 ፓውንድ እንኳ ሳይሞላ በካርዱ ቢከፈል ጥበቃው ለጠቅላላው ዋጋ ይሠራል። በዴቢት ካርድ ከሆነ ሕግ ሳይሆን የካርድ ድርጅቶች ደንብ የሆነው «ቻርጅባክ» አለ፤ ብዙ ጊዜ ዕቃው መድረስ ከነበረበት ቀን በ120 ቀን ውስጥ ለባንክ ማመልከት ያስፈልጋል። በባንክ ማስተላለፍ ወይም በጥሬ ገንዘብ የከፈለ ለአስተዳዳሪዎቹ የዕዳ ማስረጃ ቅጽ ሞልቶ ከመጠበቅ በቀር የሚያደርገው ብዙ የለም።

አንድ ነገር ግን ለእርስዎ በተለይ። አንቀጽ 75 የሚሠራው ካርዱን የከፈለው ሰውና ከሻጩ ጋር የተዋዋለው ሰው አንድ ሲሆን ነው። ደንበኛዎ ገንዘቡን ለእርስዎ ሰጥቶ እርስዎ በራስዎ የዱቤ ሒሳብ ዕቃውን ካነሡ፣ ለደንበኛው ሻጭ እርስዎ ነዎት። አቅራቢው ቢወድቅ ደንበኛው የሚጠይቀው እርስዎን ነው፣ ባንኩም ከአቅራቢው ጋር ግንኙነት የለህም ይለዋል። ስለዚህ ውድ የሆኑትን፣ ምድጃውንና የድንጋይ ጣውላውን፣ ደንበኛው በራሱ ስምና በራሱ ክሬዲት ካርድ በቀጥታ እንዲገዛ ያድርጉ፤ እርስዎ ሳጥኑንና ጉልበትዎን ይያዙ። በዱቤ ያነሡት ዕቃ ደግሞ ሻጩ ቢወድቅም ዕዳው አይሰረዝም፤ አስተዳዳሪዎቹ ይጠይቁዎታል። ያልደረሰዎት ዕቃ ካለ ከዚያው ላይ እንዲቀናነስ በጽሑፍ ያመልክቱ።

ደንበኛዎ አንድን መደብር ከተጠራጠረ የእንግሊዝ የኩባንያዎች መዝገብ ቤት በሆነው በካምፓኒስ ሃውስ ድረ ገጽ ላይ የድርጅቱን ስም በነፃ መፈለግ ይቻላል። መጀመሪያ ዓመታዊ ሒሳቡ የመጨረሻው ቀን አልፎበት እንደሆነ ይዩ፣ ቀጥሎ «ቻርጅስ» የሚለውን ዝርዝር ይክፈቱ፤ እዚያ የተመዘገበው አበዳሪው በንብረቱ ላይ የያዘው መያዣ ነው። ሒሳቡ ከዘገየ፣ በቅርብ ወራትም አዲስ መያዣ ከተመዘገበ፣ መደብሩም ቀድሞ ቀብድ ብቻ ይቀበል የነበረ ሆኖ አሁን ሙሉውን በቅድሚያ ካለ፣ በክሬዲት ካርድ ካልሆነ አይክፈል። ካርድ አንቀበልም ካሉት ትእዛዙን ወደ ሌላ ቤት ይውሰድ።